4164 ነኝ ያለ ሁሉ 4164 አይደለም፦ የአንድ ኤክስቲ ክሎን የሚሞሪ ፍለጋ

ሳምንት 1፦ ማሽኑና ከረጢቱ

ማሽኑ የኤክስቲ ክሎን ነው፤ ማለትም የአይቢኤም ኤክስቲ ኮምፒውተር ቅጂ። ፕሮሰሰሩ 8088 ነው፤ በመደበኛው 4.77 ሜጋኸርዝ፣ ተርቦው (የማፍጠኛው ቁልፍ) ሲጫን 8 ሜጋኸርዝ ይሄዳል። ማዘርቦርዱ ላይ ለሚሞሪ አራት ረድፍ ቦታ አለ። እያንዳንዱ ረድፍ 9 ቺፕ ይይዛል፤ 8ቱ ለዳታ፣ አንዱ ለፓሪቲ፣ ማለትም ለስህተት መቆጣጠሪያ። ባንክ 0፣ ማለትም የመጀመሪያው ረድፍ፣ ቦርዱ ላይ ተበይዷል። የቀሩት ሦስቱ ባዶ ሶኬት ናቸው። አብሮ የመጣ አንድ ከረጢት ቺፕ አለ። ቆጠርኳቸው፤ 61። ከየት እንደተነቀሉ የሚናገር ወረቀት የለም።

ግቡ 640 ኪሎባይት ማድረስ ነው። ባንክ 0 እና 1 41256 የሚባለውን ባለ 256 ኪሎቢት ቺፕ ይይዛሉ፤ ባንክ 2 እና 3 ደግሞ ባለ 64 ኪሎቢቱን 4164። 256 ሲደመር 256 ሲደመር 64 ሲደመር 64። አይቢኤም ራሱ በኋለኞቹ የኤክስቲ ቦርዶቹ ላይ የተጠቀመው ይህንኑ አሰላለፍ ነው። ስለዚህ ከከረጢቱ ቢያንስ 9 የ41256 እና 18 የ4164 ቺፕ ማግኘት አለብኝ።

ቦርዱን ሳላበራ ማልቲሜትሩን በ12 ቮልቱ መስመርና በመሬት መካከል ስይዘው ጮኸ፤ ሁለቱ ተገናኝተዋል ማለት ነው። አንዲት ታንታለም ካፓሲተር ሾርት ሆናለች። ቆረጥኳት፣ ተካኋት፣ አለቀ። የዚህ ዘመን ቦርዶች የተለመደ በሽታ ስለሆነ ብዙ አላወራበትም።

አበራሁት። ስክሪኑ መጣ! ሚሞሪ መቁጠር ጀመረና ጥቂት እንደሄደ 201 ብሎ ቆመ። የዚህ ክሎን ባዮስ (ማሽኑን የሚያስነሳው ፕሮግራም) የአይቢኤምን ኮድ ነው የሚከተለው፤ 201 የሚሞሪ ስህተት ነው። ከ201 በፊት ያሉት ቁጥሮች ናቸው ዋናው ወሬ። የፊተኞቹ አድራሻውን ይናገራሉ፤ ማለትም ባንኩን። የመጨረሻዎቹ ሁለት ደግሞ የተበላሸውን ቢት። 01 ከሆነ ቢት 0፣ 02 ከሆነ ቢት 1፣ 04፣ 08፣ 10፣ 20፣ 40፣ 80 እያለ ይቀጥላል። 00 ከሆነ ጥፋቱ የፓሪቲው ቺፕ ነው። የእኔ 20 ይላል። ቢት 5 ማለት ነው። ባንኩ ደግሞ 0፣ ያ የተበየደው።

ባንክ 0 ተበላሽቶ ስክሪን እንዴት መጣ? አድራሻው ከመጀመሪያው 64 ኪሎባይት በላይ ስለሆነ ነው። ባዮሱ ለራሱ ሥራ የሚያስፈልገው ታችኛው ክፍል ጤነኛ ነው። ብልሽቱ እዚያ ቢሆን ኖሮ ጥቁር ስክሪን ላይ አፍጥጬ እቀር ነበር።

አሁን የምፈልገው 41256 ከ9 ወደ 10 አደገ።

ሳምንት 2፦ እግር መቁጠርና ጽሑፍ ማንበብ

መጀመሪያ በእግር ብዛት ለየኋቸው። 28 እግር ያላቸው 4፣ 20 እግር ያላቸው 2፣ 18 እግር ያላቸው 7። ሌሎች 9ኙ የ74 ቤተሰብ ሎጂክ ቺፖች ናቸው፤ ጽሑፋቸው ግልጽ ነው። የቀሩት 39 ባለ 16 እግር ናቸው፤ የእኔ ሰዎች እነዚህ ናቸው።

28 እግር ካላቸው መካከል ሁለቱ 62256፣ ሁለቱ 27256 ይላሉ። 256 ስላለበት ብቻ ከ41256 ጋር የሚያዛምድ አለ። ዝምድናቸው 256 ኪሎቢት መያዛቸው ብቻ ነው። 62256 ስታቲክ ራም (ሳይታደስ የሚይዝ ሚሞሪ) ነው፤ 27256 ኢፕሮም (ኃይል ሲጠፋም የማይረሳ ሚሞሪ) ነው፤ ሁለቱም 32 ኪሎባይት በ8 ቢት ተደርድሮ ነው ያላቸው። 41256 ግን 256 ኪሎቢት በአንድ ቢት ነው። አንድ የዳታ መስመር ብቻ። ለአንድ ባይት 8 የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

18 እግሮቹም ወጥመድ አላቸው። አምስቱ 41464 ናቸው፤ 64 ኪሎቢት በ4። ሁለቱ ግን 1 ሜጋቢት በ1። የእግር ብዛታቸው አንድ ነው፣ 5 ቮልት የሚገባበት እግር 9፣ መሬቱ እግር 18 መሆኑም አንድ ነው። ሌላው ግን ሆድና ጀርባ ነው። በሌላ ጊዜ እመለስባቸዋለሁ።

አሁን ወደ 39ኙ። ብዙዎቹ ጽሑፋቸው ደብዝዟል። ያገዘኝ ዘዴ ሦስት ነው። አንደኛ፣ የእጅ ባትሪ ከጎን ዝቅ አድርጎ ማብራት። ሁለተኛ፣ ትንፋሽ መስጠት፤ ጤዛው እስኪጠፋ ድረስ ጽሑፉ ለአፍታ ብቅ ይላል። ሦስተኛ፣ ጠመኔ በጣት አሽቶ መጥረግ፤ ጽሑፉ የተቀረጸ ከሆነ ነጩ ስንጥቁ ውስጥ ይቀራል።

አራተኛው ዘዴ የእኔ ስህተት ነው። ስድስቱ ላይ ቆሻሻና የድሮ ሙጫ ነበር። ሳይቸግረኝ በአሴቶን ጠረግኳቸው። ቆሻሻው ጠፋ። ጽሑፉም አብሮ ጠፋ። ፎቶ እንኳ አላነሳሁም ነበር። አሁን ስድስት ጥቁር፣ ንጹህ፣ ስም የለሽ ቺፖች አሉኝ። ከዚህ በኋላ ሕጌ ቀላል ነው፤ መጀመሪያ ፎቶ፣ ከዚያ በደረቅ ብሩሽ፣ ካልሆነ በአልኮል በጥቂቱ።

ስለ ቁጥሮቹ። ብዙውን ጊዜ ሁለት ቁጥር ይገኛል፤ የቺፑ ስምና የተሠራበት ጊዜ። ጊዜው ባለ አራት አሃዝ ነው፤ ሁለቱ ዓመት፣ ሁለቱ ሳምንት። 8432 ማለት የ1984 ሠላሳ ሁለተኛ ሳምንት ነው። አንድ ሰባት ቺፕ ያለበት ስብስብ ነበር፤ ጎላ ብሎ የሚታየው ቁጥር 8264 ነው። «ጥሩ፣ የ1982 ናቸው» ብዬ ጻፍኩና የቺፑን ስም ፍለጋ ሄድኩ። ግማሽ ሰዓት ፈለግኩ። ከዚያ ነው የነቃሁት፤ ዓመት 64 ሳምንት አለው እንዴ? ኤምቢ 8264 የፉጂትሱ 64 ኪሎቢት ቺፕ ስም ነው። የጊዜው ቁጥር ከሥር በትንሹ ተጽፏል። የመጨረሻዎቹ ሁለት አሃዞች ከ53 ከበለጡ ቁጥሩ ጊዜ አይደለም። ከ53 ካነሱ ግን እርግጠኛ አትሁኑ፤ 4116ንም 4416ንም አስቡ፤ ሁለቱም የቺፕ ስም ናቸው።

ችግሩ ያው ቺፕ በየፋብሪካው ሌላ ስም መያዙ ነው። ማስታወሻዬ ላይ የጻፍኩት እንዲህ ነው። ከ4164 ጋር የሚተካኩት፦ የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ቲኤምኤስ 4164፣ የሂታቺ ኤችኤም 4864፣ የፉጂትሱ ኤምቢ 8264፣ የኦኪ ኤምኤስኤም 3764፣ የሞስቴክ ኤምኬ 4564፣ የማይክሮን ኤምቲ 4264፣ የኢንቴል 2164። እስከዚህ ድረስ ጅራቱ ላይ 64 ስላለ ይገመታል። የሞቶሮላው ግን ኤምሲኤም 6665 ነው፤ ከስሙ ምንም አይታወቅም። ወንድሙ 6664 ደግሞ ጅራቱ ቢያምርም እግር 1 ላይ የራሱ የሪፍሬሽ (ቺፑ የያዘውን እንዳይረሳ በየጊዜው የማደስ) መግቢያ አለው። ስሙ የሚያምረው ነው ልዩ የሆነው፣ የማያምረው ነው ትክክለኛው።

ለ256 ኪሎቢቶቹም እንዲሁ፦ ቲኤምኤስ 4256፣ ኤችኤም 50256፣ ኤምቢ 81256፣ የሳምሰንግ ኬኤም 41256፣ የሞቶሮላ ኤምሲኤም 6256። የማይክሮን ኤምቲ 1259 ግን 259 ነው የሚለው።

አራት ቺፖች ላይ ሌላ ቀልድ ገጠመኝ። ኬፒ565ፒዋይ5 የሚል ይመስላል። ፈለግኩ፤ ወይ ፍንክች። ለካ ጽሑፉ ሲሪሊክ ነው። ፒ የመሰለኝ ፊደል «ር» ነው፣ ዋይ የመሰለኝ «ኡ» ነው። ስሙ ኬአር565አርዩ5፣ የሶቪየት ሥሪት 4164። አርዩ7 ቢሆን 41256 ነበር፣ አርዩ3 ቢሆን 4116። የእግሮቻቸው ርቀት 2.54 ሳይሆን 2.5 ሚሊሜትር ነው። በአንድ ጎን 8 እግር ላይ ልዩነቱ ተጠራቅሞ ከ0.3 ሚሊሜትር አይበልጥም፤ ትንሽ ተጭነው ሶኬቱ ውስጥ ይገባሉ።

ከሰረዝ በኋላ ያለው ፍጥነት ነው። -15 ማለት 150 ናኖሰከንድ፣ -20 ማለት 200፣ -12 ማለት 120። ፈጣኑ በዘገምተኛው ቦታ ይገባል፤ ዘገምተኛው በፈጣኑ ቦታ አይገባም። አንድ አሃዝ ብቻ የሚጽፉም አሉ። ኤችኤም 4864-2 ዳታሺቱ (የፋብሪካው መግለጫ) ላይ 150 ናኖሰከንድ ነው፣ -3 ደግሞ 200። ስለዚህ «-2 ማለት 150» ብዬ ጻፍኩ። ይህች መስመር በኋላ ጉድ ሠርታኛለች።

ሳምንት 3፦ መፈተሻው

ጽሑፍ ብቻ እንደማይበቃ ስድስቱ ስም የለሾች አስተማሩኝ። መፈተሻ መሥራት ጀመርኩ። አርዱይኖ ናኖ (ፕሮግራም የሚጻፍበት ትንሽ ቦርድ)፣ ማንሻ ያለው ዚፍ ሶኬት፣ ሁለት ኤልኢዲ፣ ሽቦ። ለ41256 የሚያስፈልገው 9 የአድራሻ መስመር፣ ሁለቱ የማዘዣ መስመሮች ራስ (RAS፣ የረድፍ) እና ካስ (CAS፣ የዓምድ)፣ የመጻፊያው መስመር፣ የዳታ መግቢያና መውጫ ነው። በድምሩ 14። ናኖው ይበቃል።

የመጀመሪያውን ቺፕ አስገባሁና አበራሁ። ምንም። ጣቴን ቺፑ ላይ ሳሳርፍ አቃጠለኝ። ምክንያቱ ልማድ ነው። በ74 ቤተሰብ ባለ 16 እግር ቺፕ ላይ 5 ቮልት እግር 16፣ መሬት እግር 8 ነው። እጄ ሳያስብ እንደዚያ በየደው። በ4164 እና በ41256 ላይ ግን ተቃራኒው ነው፤ 5 ቮልት በ8፣ መሬት በ16። አንድ ጤነኛ 4164 በዚህ ሞተ። ስለ እውነት ጤነኛ እንደነበረ ማረጋገጫ የለኝም፤ አሁን ግን በእርግጠኝነት ሞቷል።

አስተካከልኩ። አሥር ቺፕ ፈተሽኩ። አሥሩም ወደቁ። አንዳንዱ ጥቂት ስህተት፣ አንዳንዱ ብዙ፣ ያንኑ ቺፕ ደግሜ ስፈትሽ ደግሞ ሌላ ውጤት። አሥሩም ባንዴ ሊበላሹ አይችሉም። ሁለት ማታ ኮዱን ሳገላብጥ አደርኩ። ኮዱ ምንም አልሆነም። ሶኬቱ ላይ ካፓሲተር አላደረግኩም ነበር። እነዚህ ቺፖች ራስ መስመሩ ዝቅ ባለ ቁጥር ለአጭር ቅጽበት ብዙ ከረንት ይስባሉ፤ በረጅም ቀጭን ሽቦ በኩል ሲስቡ ቮልቴጁ ይዋዥቃል። 0.1 ማይክሮፋራድ ሴራሚክ ካፓሲተር በእግር 8 እና 16 መካከል፣ ከሶኬቱ ሥር በየድኩ። ከአሥሩ ስምንቱ አለፉ። ማዘርቦርዶች ላይ ከእያንዳንዱ የሚሞሪ ቺፕ አጠገብ ያቺ ትንሽ ካፓሲተር የተተከለችው ለጌጥ አይደለም።

39ኙን ጨረስኩ። 30 አለፉ፣ 9 ወደቁ። የወደቁትን «ሙታን» የሚል ዕቃ ውስጥ ከተትኩ።

ሳምንት 4፦ ከሙታን መካከል

ዘጠኙን ከመጣሌ በፊት አንድ ቀን በጠራራ ብርሃን በአጉሊ መነጽር አየኋቸው። አራቱ ላይ 4164 ብዬ ያነበብኩት 4116 ነው። የደበዘዘች 1 እንደ 6 ታይታኝ፣ 6ቷን ደግሞ 4 አድርጌያት። አልሞቱም፤ ዓይነታቸው ሌላ ነው። 4116 ሦስት ቮልቴጅ ይፈልጋል፤ ኔጌቲቭ 5 በእግር 1፣ 12 ቮልት በእግር 8፣ 5 ቮልት በእግር 9። የ1981ዱ የመጀመሪያው አይቢኤም ፒሲ ቦርድ ላይ የነበሩት እነዚህ ናቸው። በእኔ መፈተሻ ላይ ሊሠሩ አይችሉም። ተቃራኒው የባሰ ነው፤ 4164ን 4116 ሶኬት ውስጥ የሰካ ሰው እግር 8 ላይ 12 ቮልት ይለቅበታል። ለየብቻ አሽጌ «ባለ ሦስት ቮልቴጅ» ብዬ ጻፍኩባቸው።

ሁለቱ ደግሞ ይበልጥ ይገርማሉ። የስህተቱን አድራሻ ሳወጣ ሁሉም ስህተት በአንድ ወገን ተሰብስቧል፤ ሌላው ግማሽ ንጹህ ነው። በአጋጣሚ የተበላሸ ቺፕ እንዲህ ወገን አይለይም። ጽሑፋቸውን አየሁ፤ ቲኤምኤስ 4532። ፋብሪካው 64 ኪሎቢት አድርጎ ሠርቶ አንዱ ግማሽ እንከን ሲገኝበት በ32 ኪሎቢት ስም የሸጠው ነው። የትኛው ግማሽ ደህና እንደሆነ ከሰረዝ በኋላ ያለው ኤንኤል3 ወይም ኤንኤል4 ይነግራል። በዜድኤክስ ስፔክትረም 48 ኮምፒውተር ውስጥ በብዛት የሚገኙት እነዚህ ናቸው። ለእኔ ግን አይሆኑኝም።

እንግዲህ እውነተኛ ሙታን ሦስት ብቻ ናቸው፤ ሁለት 4164 እና አንድ 41256። ከሁለቱ አንዱን የገደልኩት እኔ ነኝ።

ቀጥሎ ስድስቱ ስም የለሾች። የ64 ኪሎቢት ፈተናውን ሁሉም አልፈዋል። ግን 41256ም ይህን ፈተና ያልፋል፤ ሩቡ ብቻ ነው የሚነካው። ልዩነታቸው እግር 1 ላይ ነው። በ4164 እግር 1 ባዶ ነው። በ41256 ዘጠነኛው የአድራሻ መስመር ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ነገሩ ደስ ስለሚለኝ። ሞስቴክ በ1973 ካወጣው ኤምኬ 4096 ጀምሮ እነዚህ ቺፖች አድራሻን በሁለት ዙር ነው የሚቀበሉት፤ መጀመሪያ ረድፍ፣ ቀጥሎ ዓምድ፣ በዚያው እግር። ትንሽ አካል ላይ 16 እግር የበቃው በዚህ ነው። ስለዚህ አንድ እግር ሲጨመር አንድ ሳይሆን ሁለት ቢት አድራሻ ይጨመራል፤ መጠኑ በአራት ይባዛል። 7 እግር 16 ኪሎቢት፣ 8 እግር 64፣ 9 እግር 256። 32 እና 128 በመካከል የማይታዩት ለዚህ ነው። ከታዩ አንድ ነገር አለ ማለት ነው፤ ወይ ግማሽ ደህና ነው፣ ወይ ሁለት ቺፕ ተደራርቧል። የአይቢኤም ኤቲ የመጀመሪያው ቦርድ ላይ ያሉት ባለ 128 ኪሎቢቶች ሁለት 64 አንዱ በአንዱ ላይ የተጫነባቸው ናቸው።

ፈተናው ቀላል ሆነ። እግር 1ን ዝቅ አድርጌ 0 ጻፍኩ። ሌላውን አድራሻ ሳልነካ እግር 1ን ከፍ አድርጌ 1 ጻፍኩ። እንደገና ዝቅ አድርጌ አነበብኩ። 0 ከመጣ ቺፑ ሁለቱን ቦታዎች ለይቷል፤ 41256 ነው። 1 ከመጣ እግር 1ን ከነመኖሩም አያውቅም፤ 4164 ነው። ከስድስቱ አራቱ 4164፣ ሁለቱ 41256 ሆኑ።

ጠቅላላ የሚሠራ፦ 11 የ41256፣ 19 የ4164። የምፈልገው 10 እና 18። በጭንቅ በቃ።

አንድ ነገር ጨመርኩ። ኮዴ ሪፍሬሽ የሚያደርግ መስሎኝ ነበር፤ አያደርግም። ቺፖቹ ግን ያልፋሉ። ዳታሺቱ በየ2 ወይም በየ4 ሚሊሰከንዱ ሪፍሬሽ ያስፈልጋል ይላል፤ በተግባር በክፍል ሙቀት ብዙዎቹ ከሰከንድ በላይ ይዘው ይቆያሉ። በፀጉር ማድረቂያ ሳሞቃቸው ጊዜው አጠረ። ስለዚህ አሁን ሁሉንም አሙቄ ነው የምፈትሸው። ሠላሳውም አለፉ።

ሳምንት 5፦ ቢት 5

ባንክ 0 ውስጥ ቢት 5 የትኛው ቺፕ ነው? ቦርዱ ላይ አልተጻፈም። የአይኤስኤ ስሎቱ (የተጨማሪ ካርድ መሰኪያው) ላይ ኤ4 የሚባለው ነጥብ የዳታ ቢት 5 ነው። ከዚያ በማልቲሜትር ተነሳሁ። አንድ 74ኤልኤስ245 (የዳታ መስመሮችን የሚያሳልፍ ቺፕ) ላይ ጮኸ። በዚህ ቺፕ ላይ ድምራቸው 20 የሚሆን እግሮች ጥንድ ናቸው፤ እግር 4 ከገባ በ16 ይወጣል። ከጥንዱ ተነስቼ ደግሞ የሚሞሪ ረድፉን ነካካሁ። ስድስተኛው ቺፕ ላይ ጮኸ።

አቋራጭ ሞከርኩ፤ ጤነኛ 41256 በላዩ ላይ ጭኜ፣ እግር ከእግር አስነክቼ አበራሁ። አንዳንዴ ይሠራል ይባላል። እኔ ጋ አልሠራም። የታችኛው መውጫው ላይ ግትር ብሎ ከያዘ የላይኛው ሊያሸንፈው አይችልም።

ስለዚህ ቆረጣ። እግሮቹን አንድ በአንድ በጥፍር መቁረጫ መሰል ፒንሳ ቆረጥኩ፣ አካሉን አነሳሁ፣ የቀሩትን እግሮች በማሞቅ ነቀልኩ። ቺፑን አድናለሁ ብሎ ቦርዱን ማበላሸት ሞኝነት ነው። ፍለክስ፣ ሶልደር መምጠጫ፣ ጊዜ። አሥራ አምስቱ ቀዳዳ በሰላም ጸዳ። አሥራ ስድስተኛው ላይ ቸኮልኩ።

ሶኬት በየድኩ፣ የተፈተነ 41256 ሰካሁ፣ አበራሁ። 201። ቢት? 20። ያው። ከድጡ ወደ ማጡ መስሎኝ ሶልደሪንግ አይረኑን አጥፍቼ ተኛሁ።

በማግስቱ ከጎረቤቶቹ ጋር አወዳደርኩ። በዚህ ቦርድ በዳታ ቺፖቹ ላይ እግር 2 እና እግር 14፣ ማለትም የዳታ መግቢያና መውጫ፣ አንድ ላይ የታሰሩ ናቸው። ሁሉም ላይ ይጮኻል። የእኔው ላይ አይጮኽም። የቸኮልኩበት እግር 14 ነበር፤ መስመሩን ከላይ በኩል ቀድጄዋለሁ። በቀጭን ሽቦ ከሥር አገናኘሁት። የፓሪቲው ቺፕ ላይ ግን 2 እና 14 ባይጮሁ አትደንግጡ፤ እዚያ መግቢያና መውጫው በየራሱ ነው።

አበራሁ። 256 ቆጥሮ አለፈ።

ሳምንት 6፦ መሙላት

ባንክ 1 ላይ ዘጠኙን 41256 ሰካሁ። ሦስት ፋብሪካ ተቀላቅሏል፤ ፍጥነታቸው እስከበቃ ድረስ ምንም አይደለም። 512። ባንክ 2 እና 3 ላይ 18ቱን 4164። ሶቪየቶቹም፣ የፉጂትሱዎቹም፣ ስም የለሾቹም አንድ ላይ ተሰለፉ። ጃምፐሩን (የሚሞሪ መጠን መምረጫውን) አዛወርኩ። 640። ፎቶ አነሳሁ።

ሁለት ሰዓት ያህል ሠራሁበት። ተርቦውን ተጫንኩ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ስክሪኑ ላይ «ፓሪቲ ቼክ 1» ብሎ ደረቀ። 1 ማለት ማዘርቦርዱ ነው፤ 2 ቢሆን የተጨማሪ ካርድ ሚሞሪ ነበር።

በ4.77 ሌሊቱን ሙሉ ሠርቶ አደረ፤ ስህተት የለም። በ8 ሜጋኸርዝ ግን ይመለሳል። ከዶስ የሚሠራ የሚሞሪ መፈተሻ ጫንኩ። ባንክ 2፣ ቢት 1 እና ቢት 6። ነቅዬ አየኋቸው። ሁለቱም ዲ4164ሲ-2 ይላሉ፤ የኤንኢሲ ናቸው። ማስታወሻዬን ገለጥኩ፤ «-2 ማለት 150»። ያ የሂታቺ ነው። በኤንኢሲ አቆጣጠር -2 ማለት 200 ነው፣ 150ው -3 ነው። የአንዱን ቤት ቁልፍ ይዤ የሌላውን በር ስከፍት ነበር የከረምኩት። የእኔ መፈተሻ ደግሞ ከቺፖቹ አንጻር ቀንድ አውጣ ስለሆነ ፍጥነትን አይለይም።

ሁለቱ ወጡ። መለዋወጫ 4164 አንድ ብቻ ነው ያለኝ። ገባ። አንድ ቀዳዳ ቀረ።

ከ41256 ደግሞ አንድ ተርፏል። በ4164 ቦታ ሊገባ ይችላል፤ ከእግር 1 በስተቀር አቀማመጡ አንድ ነው። እግር 1 ግን እዚያ ሶኬት ላይ ምንም አይነካም። እንዲሁ ከተንጠለጠለ አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ እያለ ቺፑ ከአንዱ ሩብ ወደ ሌላው ይዘላል። አንድ ቦታ መታሰር አለበት። ደግነቱ እግር 1 እና እግር 16 በቺፑ ራስ በኩል ፊት ለፊት ናቸው፣ 16 ደግሞ መሬት ነው። እግር 1ን ወደ ላይ አጠፍኩና በጀርባው ላይ በአንዲት አጭር ሽቦ ከ16 ጋር በየድኩት።

ሪፍሬሹን አሰላሁ። 41256 በ4 ሚሊሰከንድ ውስጥ 256 ረድፍ ይፈልጋል። በዚህ ቦርድ ላይ፣ እንደ ማንኛውም ኤክስቲ፣ ሰዓት ቆጣሪው በየ15 ማይክሮሰከንዱ ዲኤምኤውን (ያለ ፕሮሰሰሩ ሚሞሪን የሚነካውን ክፍል) ይቀሰቅሳል፤ አድራሻውም እስከ 256 ይሄዳል። 256 በ15 ሲባዛ 3.84 ሚሊሰከንድ። ይበቃል። ዜድ80 ፕሮሰሰር ባለበት ማሽን ቢሆን የሪፍሬሽ ቆጣሪው 7 ቢት ስለሆነ በ128 ይቆማል፤ እዚያ አልሞክረውም ነበር።

ተርቦ። 8 ሜጋኸርዝ። መፈተሻው ማታ ጀመረ፣ ጠዋት 0 ስህተት።

ክዳኑን ከመዝጋቴ በፊት ሽቦ ባለው 41256 ላይ «64» ብዬ በነጭ ቀለም ጻፍኩበት። ለሚቀጥለው ከፋች እኔም አንድ አሳሳች ጽሑፍ አተረፍኩለት።